የሚከረፋው እንክብል

ደጋጋ እህቱ ቤት የሚሄደው እሑድ እሑድ ነው። በሄደ ቁጥር ገና ደጃፉን ሳያልፍ ያቅለሸልሸዋል። ቤቱ ቆሽሾ አይደለም። ካዛንቺስ ውስጥ ሳይፈርሱ ከቀሩት የጣሊያን ጊዜ ቤቶች አንዱ ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ በየሳምንቱ በሰም ተወልውሎ የሚያብለጨልጭ። የሚያቅለሸልሸው እንክብሉ ነው። እህቱ አጸደ የመድኃኒት ሰዓቷን የሚያስታውሳት ስልኳ ሲጮኽ እንክብሉ የታሸገበትን ያንን የብር ወረቀት ቀደድ ታደርገዋለች። ያኔ ዝናብ የመታው ውሻ ከካቲካላ ጋር የተቀቀለ ይመስል ክርፋቱ ሳሎኑን ይሞላዋል።

«ኧረ መስኮት ክፈቺ በናትሽ!» ይላል አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ።

«አንተ ደግሞ! ስለ ሽታ የምታወራው አንተ ነህ? ከነናፍጣህ?» ትለዋለች።

ደጋጋ ቡልጋሪያ ሰፈር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ባትላሜራ ነው። ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና እየቀጠቀጠ ያቃናል። እጁ ላይ ያለው ጥቁረት በሳሙና የሚለቅ አይደለም፣ እሱም ማስለቀቁን ከተወው ቆይቷል።

ሽታው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ፊቷ ነው የባሰው። ያቺ ከመሥሪያ ቤቷ ፕሮቶኮል ክፍል ጫማዋን እያንቋቋች ስትወጣ ዘበኛው ሁሉ ብድግ የሚልላት አጸደ፣ እንክብሉን ከጀመረች ወዲህ ጉንጯ ላይ ጥቁር ጸጉር በቅሎባታል። አገጯ ላይ በቅሏል፤ ከግንባሯ ወርዶ ከቅንድቧ ሊገናኝ ምንም አልቀረው። ድዷ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጥርሷን ከላይና ከታች እየዋጠው ነው። ስትስቅ ቀዩ ሥጋ ብቻ ይታያል። ደጋጋ ጎርሶ ቀና ሲል ያንን ካየ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቆማል።

እሷም ታውቀዋለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ነው የምታወራው።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን በእሱ ኩላሊት ነው። ደጋጋን ከሁሉ በላይ የሚያስጠላውም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጸደ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ሐኪሞቹ ከዘመድ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ አሉ። ባሏ ሀይሉ ገና ሳይመረመር «እኔ እኮ ግፊት አለብኝ» ብሎ ቁጭ አለ። የአክስት ልጆች ስልካቸውን አጠፉ። ያኔ ማን ታሰበ? ደጋጋ። ያ ለሠርጓ ሲሄድ ከሾፌሮቹ ጋር ድንኳን ጥግ የተቀመጠው ደጋጋ። የቢሮ ጓደኞቿ «ይሄ ማነው?» ቢሏት «መኪናችንን የሚሠራልን ልጅ ነው» ብላ ያለፈችው ደጋጋ። በኩሽና በር ነበር የሚያስገቡት፤ ወለሉ እንዳይቆሽሽ።

ልጆች ሳሉ ቂርቆስ ሰፈር፣ እናታቸው ቤት፣ «ወንድም ጋሼ» ነበር የምትለው። በሦስት ዓመት ይበልጣታላ። እሱ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ መዶሻ ሲይዝ እሷ ቀጠለች፣ ኮሌጅ ገባች፣ ቢሮ ያዘች፤ ቢሮ የያዘች ዕለት «ወንድም ጋሼ» ቀረ። ደጋጋ ሆነ፣ ደረቁን፣ እንደ ጎረምሳ። ይህን አንድም ቀን አልነገራት። አልረሳውም እንጂ።

ሆኖም ሰጣት። ለምን ሰጠሃት ቢሉት እሱም አያውቀው ይሆናል። ምናልባት ሆዷ ውስጥ ከገባሁ በኋላ በኩሽና በር አታስገባኝም ብሎ አስቦ ይሆናል።

ታዲያ ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጀመሪያ የታዘዘላት መድኃኒት ስኳሯን ሰቅሎባት ወደዚህ ወደሚከረፋው ተቀየረላት። ጸጉሩ ብቅ ማለት ሲጀምር ደጋጋ አብሯት ክትትል ሄደ። እሷ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ስትገባ እሱ የመድኃኒት ባለሙያው ክፍል ጎራ አለ። ባለሙያው ቀለመወርቅ ይባላል፤ ሲያወራ እጁ የማያርፍ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ የሚንሸራተት ሰው ነው።

«ይሄ እንክብል ምን እያደረገ ነው ሰው አውሬ የሚያስመስለው?» አለው ደጋጋ ቁጭ ሳይል።

«ጸጉሩ የጎን ጉዳቱ ነው፣ አይገድልም» አለ ቀለመወርቅ። «ዋናው ሥራው ሌላ ነው። ተቀመጥ። ሰውነት ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ወታደሮች በላቸው። እያንዳንዱ ወታደር ውስጥ ደግሞ ካልሲኒዩሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። ማለቴ ደዋይ ነው። ባዕድ ሲመጣ ደወሉን እሱ ይመታል፣ ወታደሩ ይባዛል፣ ይዘምታል።»

«እና እንክብሉ ደዋዩን ይገድለዋል።»

«የለም። ብቻውን ምንም አያደርገውም። እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ።» ቀለመወርቅ ግራ እጁን ጨብጦ ቀስ ብሎ ከፈተው፤ መዳፉ ጎደጎደ። «እዚያው ሴሉ ውስጥ ሳይክሎፊሊን የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮቲን አለ። የቤት ሠራተኛ በለው። ጸባይ ያለው፣ የራሱ ሥራ ያለው፣ ከማንም የማይጣላ። ገላው ላይ እንደዚህ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለችው። መድኃኒቱ ይመጣና እዚህች ውስጥ ልክክ ይላል።» የቀኝ እጁን አውራ ጣት መዳፉ ውስጥ ወተፈው። «ግማሹ ተቀበረ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ቀረ። አየህ? አሁን ሠራተኛው የድሮው ሠራተኛ አይደለም። ሁለቱ ተጣብቀው አዲስ ቅርጽ አወጡ። ያ አዲሱ ቅርጽ ነው ሄዶ ደዋዩ ላይ የሚቀመጥበት። በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ለደዋዩ ሥራው የሚደርሰው በዚያ በር ነው፣ ግን አይደርስም።»

«ሠራተኛው ብቻውን ቢሄድስ?»

«ደዋዩ ዞርም ብሎ አያየው። መድኃኒቱም ብቻውን ቢሄድ ያው ነው። ሁለት ሲሆኑ ነው።»

«የቤቱን ሰው መልምሎ በቤቱ ላይ» አለ ደጋጋ ፊቱን አጨማዶ። «ያ መጀመሪያ የሰጧትስ?»

«እሱ የሚይዘው ሌላ ትንሽ ፕሮቲን ነው። መጨረሻ የሚቀመጡት ግን እዚያው በር ላይ ነው።»

«በቃ አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ?»

«ኧረ! በምስማር እኮ አልተመታም። ይይዛል፣ ይለቃል፤ ይይዛል፣ ይለቃል። ደሟ ውስጥ በቂ ካለ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይተካል። ጠዋትና ማታ የምትውጠው ለምን መሰለህ? ካቆመች ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ደወሉ ይመታል። ወታደሮቹ ኩላሊቱን ያገኙታል።»

«የእኔን እኮ ነው!» አለ ደጋጋ። ጆሮው ቀላ። «የአንድ አባት፣ የአንድ እናት ልጆች ነን!»

«ከባዳ ኩላሊት የተሻለ ነው፤ በደንብ ተቀራርባችኋል። ግን ደሟ አንተን አያውቅህም። ከአንድ እንቁላል የተገኛችሁ መንታ ብትሆኑ ሌላ ነገር ነበር። አሁን ባዕድ ነህ፣ አይዞህ፣ ሁሉም ባዕድ ነው።»

አይዞህ አለው። ደጋጋ ከዚያ ክፍል ሲወጣ አፉ ምራቅ ሞልቶት ነበር። ታክሲ ውስጥ አንዴ እሷን፣ አንዴ መስኮቱን እያየ ካዛንቺስ ደረሱ። ደሟ ራሱ! እሷ አንደበቷን ስትከለክል፣ ስሙን ስትከለክል የኖረችውስ ይሁን፤ ሰው ናት፣ ሰው ደግሞ ክፉ ነው። ደሟ ምን አድርጌው ነው የሚጸየፈኝ? ጠዋትና ማታ የገማ ነገር ካልተጋተ በቀር እህቴ ሆድ ውስጥ መቀመጥ አልችልም ማለት ነው? ይህን ባሰበ ቁጥር ሽታው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አፍንጫው ላይ ይሆናል፤ ጋራዥ ውስጥ፣ ላሜራው ሥር ተጋድሞ ሳለ እንኳ።

በዚያ ዓመት ከገና በፊት ጀምሮ ጋራዡ ሥራ በዝቶበት ደጋጋ እሑዱን ሳይሄድ ቆየ። ጥር ቂርቆስ ግን የማኅበሩ ዝክር የአጸደ ተራ ነበር። ስለትም ነበረባት፤ «ከዚህ አልጋ ከተነሳሁ ለሰማዕቱ ጥላ አገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ጥላውን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አስገብታ፣ ከሰዓት የማኅበሩ ሰዎች ቤቷ ተሰበሰቡ። ደጋጋ እንደ ልማዱ የቢራውን ሣጥን ከታክሲ አውርዶ፣ ተሸክሞ አስገብቶ፣ በር አጠገብ ካለችው አጭር ዱካ ወንበር ላይ አረፈ። ቦታው ናት። ማንም አላስቀመጠውም፣ ማንም አያስነሳውም።

ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። አጸደ ከውስጥ ወጣች፤ ደጋጋም አፉን ከፈተ። ፊቷ ጠርቷል! ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ጉንጯ ላይ አንድም ጸጉር የለ። ኩል ተኩላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የድሮዋ አጸደ።

«ስለቴ ሰምሯል» አለች ቆማ። እልልታው ቀለጠ። «ሰማዕቱ ሰምቶኛል። የሰጠኝ ግን በማን እጅ ነው? እስከ ዛሬ አላልኩም፣ ዛሬ ልናገር። ወንድም ጋሼ!»

ደጋጋ ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ።

«አንተን እኮ ነው ወንድም ጋሼ! በር ላይ ምን ታደርጋለህ? ና ወዲህ። ይኸውላችሁ፤ ይሄ የእናቴ ልጅ ነው። ሥጋዬ ነው። ከጎኑ ቆርሶ የሰጠኝ እሱ ነው!»

የማኅበሩ እናት ወይዘሮ ወርቅዬ ከወንበራቸው ተነስተው ትከሻውን ሳሙት። «እንዲህ ያለ ወንድም ደብቀሽ ነው እንዴ የኖርሽው አንቺ!» አሉ። ሀይሉ ሳይቀር ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣ ቢራ ከፍቶ ቀዳለት። ደጋጋ ጥቁር እጁን ጉልበቱ ላይ ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠማውን፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ በአንድ ትንፋሽ አጠጣችው። አንዷ ዳቦ ታጎርሰዋለች፣ ሌላው «ጀግና!» ይለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ምንም አልሸተተውም።

ምንም አልሸተተውም።

ፀሐይዋ ጠልቃ መብራት ሲበራ ነው ይቺ ነገር የቆረቆረችው። አንድ ሰዓት ሆነ። የአጸደ ስልክ በዚህ ሰዓት ይጮኻል፤ ለቅሶ ቤት ብትሆን እንኳ ይጮኻል። ጆሮውን አቆመ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዝም ብሏል። አጸደ ትስቃለች። ድዷ እንኳ መለስ ብሏል መሰለው።

«አጸደ፣ ስልክሽ አልጮኸም» አለ ቀስ ብሎ።

«አይጮኽም። አጥፍቼዋለሁ።»

«እንክብሉስ?»

እሷ ግን ጮክ ብላ ለሁሉም መለሰች፤ የምትጠብቀው ጥያቄ ነበር። «ያንን ግም ነገር ከገና ጀምሮ ትቼዋለሁ! የበቀለውንም ጸጉር አስነቅዬዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይመለስም። ሌሎቹን ትንንሾቹን እውጣለሁ፣ ያንን ግን በቃኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ መድኃኒቱ የሰውነት ወታደር ባዕዱን እንዳይነካ ነው ይላሉ። ይሁን፣ ከባዳ ለወሰደ ሰው ይሁን። እኔ ሆዴ ውስጥ ያለው ማን ነው? የእናቴ ልጅ! የገዛ ሥጋዬን በመድኃኒት የምደብቀው ከማን ነው? ቤቱ ነው የገባው። ይኸው ፊቴን እዩት፣ ተመለስኩ።»

«እውነትሽን ነው» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ። «ሥጋ ሥጋን ይበላል እንዴ? ምን ያደርግልሻል ኬሚካሉ! እኔ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ አመጣልሻለሁ፣ ኃይል የሚሰጥ።»

እልልታው እንደገና ሆነ። ደጋጋ ቢራው እጁ ላይ ሞቀበት።

ዝም ቢልስ? ይህ ሐሳብ መጣበት፣ ከራሱም አልደበቀውም። ዝም ቢል ወንድም ጋሼ እንደሆነ ያመሻል። ሶፋው ላይ ነው፣ ስሙ ተጠርቷል፣ በዚህ ቤት ከዛሬ በኋላ በዋናው በር ይገባል። ነገ ለብቻዋ ቢነግራትስ? ነገ ደግሞ ትስቅበታለች፤ ዛሬ ሰው ፊት ያለችውን ነገ በጓሮ አታፈርሰውም፣ ያውቃታል። እዚያ ሆዷ ውስጥ፣ አሁን፣ ያ ትንሹ ሠራተኛ መዳፉ ባዶ ሆኖ ወደ ሥራው እየተመለሰ ነው። በሩ ተከፍቷል። ምናልባት ደወሉም ተመቷል። እሷ ደግሞ ሥጋዬ ትላለች። ስትክደው የኖረችውን ዝምድና አሁን ያነሳችው ለምንድን ነው? ለጉንጯ! ጸጉር እንዳይበቅልባት! ያ የጣመው ነገር ሁሉ ከጉሮሮው ወደ ላይ መጣ፣ መራራ ሆኖ።

ተነሳ። ወደ ቡፌው ሄዶ መሳቢያውን ሳበ። ሣጥኑ አለ። አንዱን የብር ወረቀት ሰው ሁሉ እያየው ቀደደው።

«ውይ! ምንድን ነው የሞተው?» አለ አንዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ዋጪው» አለ ደጋጋ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰው ፊት…»

«ወንድም ጋሼ አትበይኝ። ባዕድ ነኝ። ደምሽ አያውቀኝም፣ ሲያገኘኝ ይበላኛል። ዋጪው።»

«ኧረ በሰማዕቱ!» ጮኹ ወይዘሮ ወርቅዬ። «በዕለተ ቀኑ የእህት ሥጋ ይካዳል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ወርቅዬ፣ እርስዎን አልነካሁም። እኔ አይደለሁም የምለው፣ ባለሙያው ነው። አንድ ትንሽ ፕሮቲን አለ፣ ሳይክል… ሳይክሎ… ጎድጓዳ ያለው፣ እንክብሉ እሱ ውስጥ ይገባና…» አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ሊወትፍ ሞከረ፤ አልገጠመለትም። «ከዚያ ደዋዩ በር ላይ…»

«ሳይክል ነው በር ላይ የቆመው?» አለ ሀይሉ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ተው እንግዲህ ደጋጋ፣ የሞቀ ቤት አታቀዝቅዝ። ቢራው ነው።»

«አንተ ዝም በል! እኔ ኩላሊት ስሰጥ አንተ የሰጠኸው ግፊትህን ነው!»

ሳቁ ቆመ። አጸደ ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ቀላች። ያ የጠራ ፊት ተጨማደደ።

«ድሮም!» አለች። «ድሮም ደስታዬን አትወድም! ሰው ላድርግህ ብዬ ብጠራህ፣ ሶፋ ላይ ባስቀምጥህ፣ ከነግማትህ መጣህ። ይሄን አምጥተህ ሰው ፊት ታሸተኛለህ? እንደዚያ አውሬ ሆኜ ቢሮ ስገባ አንተ ነበርክ የምትታየው?»

ደጋጋ ሸሚዙን ከሱሪው ውስጥ መዞ ወደ ላይ ሰበሰበው። ጠባሳው ከጎኑ እስከ እምብርቱ አቅራቢያ ተጋድሟል፤ እንደ ክፉ ብየዳ የተጎረባበጠ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው። አንዷ ሴት ፊቷን አዞረች።

«ተመልከቺው። ያስጠላል አይደል? እኔንም ያስጠላኛል። የእኔ ነው ሆድሽ ውስጥ ያለው። ልትጥይው ከሆነ ዛሬውኑ መልሺልኝ! መልሺልኝና የፈለግሽውን ምሰዪ።»

አጸደ ጠባሳውን አየች፣ ከዚያ እንክብሉን፣ ከዚያ እሱን። ስትጠላው ዓይኗ እንዴት እንደሚጠብብ ከልጅነቱ ያውቀዋል። እንክብሉን ከመዳፉ ነጠቀችው፣ የሀይሉን የቢራ ብርጭቆ አነሳች፤ ደጋጋም ብርጭቆውን ከእጇ ወስዶ ውሃ ሰጣት። ዋጠችው።

«ይኸው! ባዕድ!» አለችው። «ውጣልኝ።»

ወጣ። በኩሽና በር።

በማግሥቱ ሀይሉ ደወለ። ጠዋት ሽንቷ ቀንሶ እግሯ አብጦ ሆስፒታል ወስዷታል፤ ደሟ ሲመረመር ውጤቱ ተበላሽቶ ተገኘ። አስተኟት፣ በደም ሥር ጠንካራ መድኃኒት ሰጧት። ደጋጋ ኮሪደሩ ላይ ቀለመወርቅን አገኘው።

«ደወሉ ተመትቶ ነበር» አለው ቀለመወርቅ መነጽሩን እየመለሰ። «ጥቂት ብትዘገይ ኖሮ ወታደሮቹ ኩላሊቱን ሙሉውን ይጨርሱት ነበር። የተበላው አይመለስም። የቀረውን ግን ይዘንላታል፤ ከዋጠች።»

ሀይሉ አጠገባቸው ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቷል። ለደጋጋ ምንም አላለውም። ይቅርታም፣ እግዜር ይስጥልኝም። ደጋጋ አልጠበቀም። ተኝታ ከነበረችበት ክፍል በር ድረስ ሄዶ ነበር፤ ስታየው ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሁዳዴ አልፎ ፋሲካም አለፈ። የማኅበሩ ሰዎች ደጋጋን ካዛንቺስ መንገድ ላይ ሲያገኙት ያልፉታል፤ በሰማዕቱ ቀን ሥጋውን የካደ ሰው ነዋ። ወይዘሮ ወርቅዬ አንድ ቀን በእጃቸው አማትበውበት ማዶ ተሻግረዋል።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ፣ አመሻሽ ላይ፣ እግሩ ወስዶት እህቱ ቤት ሄደ። ሀይሉ ከፈተለትና ሳያናግረው ገባ። አጸደ ሶፋው ላይ ናት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍናለች።

«ምን ልትሰልል መጣህ፣ ደጋጋ?» አለች።

መልስ ሳይሰጣት ስልኳ ጮኸ። ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል የብር ወረቀቱን ቀደደች። ክርፋቱ እዚያ በር ድረስ መጣና አፍንጫውን መታው። ውሃውን ስትጎነጭ ነጠላዋ ወረደ። ጉንጯ ጠቁሯል። አገጯ ላይ ያለው ከድሮውም በርክቷል፣ እንደ ፍየል። ብርጭቆውን አኑራ ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ቀዩ ድድ ጥርሷን ውጦት ታየ።

ያስጠላል። ደጋጋ ግን ፊቱን አላዞረም። ዱካዋን ከበሩ አጠገብ ወደ ሶፋው ጎትቶ ተቀመጠና ያንን ጸጉር አንድ በአንድ አየው።

«መስኮት ክፈቺ እንጂ» አለ።